ሊኑክስን ለመማር የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?



ሰንበት ላይ ቡና ተፈልቶ ስንጨዋወት፣ ሥራዬ ከኮምፒውተር ጋር መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ጥያቄ አያጣም። ድሮ ጥያቄው «ኮምፒውተሬ ቫይረስ ገባበት፣ ምን ላድርግ?» የሚል ነበር። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን እየተደጋገመ የሚመጣው «ሊኑክስ መማር ፈልጌአለሁ፤ የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?» የሚለው ነው። ምክንያት አላቸው። አንዳንዱ የሊኑክስ ሙያ ሥራ እንደሚያስገኝ ሰምቷል። ሌላው ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመና ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11ን መሸከም ስላልቻለ፣ ደህናውን ዕቃ ከመጣል ሊኑክስ ልጫንበት ብሏል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የአንድ ወዳጄ ነገር ነው። ወዳጄ ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። መኪና በማይመጣበት ሰዓት ማንበብ ስለሚችል፣ የሊኑክስ ሙያ ፈተና ወስዶ የቀን ሥራ ለመያዝ አሰበ። ጡብ የሚያህል ያገለገለ መጽሐፍ በርካሽ አገኘና ስምንት ወር ሙሉ አነበበው፤ አሰመረበት፤ ደብተር ሞላ። ከዚያ «ጨርሻለሁ፣ እንመዝገብ» ብሎ ደወለልኝ። አብረን ስናየው መጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለው የፈተና ቁጥር ከተሰረዘ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል። በአዲሱ ፈተና ውስጥ ካሉት አርእስቶች ብዙዎቹ መጽሐፉ ውስጥ የሉም። የመጽሐፉንም የሻጩንም ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ መጽሐፉ በዘመኑ ጥሩ ነበር። ወዳጄ ያለኝ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ገንዘቡስ ይሁን፤ የሚቆጨኝ ሌሊቱ ነው» ነበር ያለኝ።

በስደት ላይ ላለ ሰው ከገንዘብም በላይ ውድ የሆነችው ከሥራ፣ ከልጆችና ከእንቅልፍ የተረፈችው ሰዓት ናት። መጽሐፍ ስንመርጥ እርሷን የት እንደምናውላት መምረጣችን ነው። ስለዚህ ከብዙ ዓመት ልምድና ከራሴም ስሕተት ያገኘሁትን እንደሚከተለው አካፍላችኋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የኮምፒውተር ትዕዛዞችንም ሲነበቡ በሚሰሙበት ድምፅ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ።

ሊኑክስ ባጭሩ

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው በኮምፒውተሩ አካልና በምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች መካከል ሆኖ ሁሉንም የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ነው። ፋይል የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ፕሮግራም ተራ እንደሚያገኝ፣ ማን ምን መክፈት እንደሚፈቀድለት የሚወስነው እርሱ ነው።

የሊኑክስ የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከዩኒክስ ነው። ዩኒክስን በ1969 በአሜሪካው ቤል ላብስ የጀመሩት ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ናቸው። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን፣ ማንም በነፃነት ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችል ዩኒክስን የሚመስል ሲስተም ለመሥራት ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት አስታወቀ። በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሲስተሙን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን ጽፎ ለሕዝብ አቀረበ። ዛሬ የአንድሮይድ ስልካችን ውስጥ ያለው ከርነል ከዚሁ የመጣ ነው። ከኖቬምበር 2017 ጀምሮም በዓለም ታላላቅ 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ የገቡት ሁሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው።

ከርነሉን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አሰናድተው የሚያቀርቡት ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ስብስብ «ዲስትሪቢዩሽን» ይባላል፤ ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ፣ ሬድ ሃት፣ ሱሰ የመሳሰሉት ናቸው። ነገሩ እንደ ዶሮ ወጥ ነው። ሽንኩርቱና በርበሬው ያው ሆኖ የየቤቱ እጅ ግን ይለያያል። መጽሐፍ ስንገዛ የመጀመሪያው መደናገር የሚመጣው ከዚህ ነው፤ መጽሐፉ የአንዱን ቤት አሠራር እያስተማረ እኛ የሌላውን ቤት ድስት ጥደናል።

የሚያረጅና የማያረጅ

ሰው ብዙውን ጊዜ «አዲስ መጽሐፍ ጥሩ ነው፣ አሮጌ መጽሐፍ መጥፎ ነው» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። የሊኑክስ ትምህርት በሦስት ድርብ የተሠራ ነው፤ ሦስቱም የሚያረጁት በየራሳቸው ፍጥነት ነው።

የመጀመሪያው ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነው። ይህ ቶሎ ይለወጣል። ለምሳሌ ኡቡንቱ በ2011 ዩኒቲ የሚባለውን ገጽታ ዋና አደረገ፤ በ2017 መጨረሻ ደግሞ ትቶት ወደ ጊኖም ተመለሰ። በእነዚያ ዓመታት ታትሞ «በግራ በኩል ያለውን ይህንን ምልክት ይጫኑ» እያለ በሥዕል የሚያሳይ መጽሐፍ ዛሬ ጀማሪን ከማደናገር ሌላ ጥቅም የለውም። ገጹ በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ ለዓይን ቢያምርም ዕድሜው አጭር ነው።

ሁለተኛው አስተዳደሩ ነው፤ አገልግሎቶች እንዴት ይነሣሉ፣ ኔትወርክ እንዴት ይስተካከላል፣ ሶፍትዌር እንዴት ይጫናል የሚለው። ይህ በየዓመቱ ባይሆንም በየአሥር ዓመቱ ገደማ ይገለበጣል። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2010 በተጀመረው ሲስተም-ዲ ነው። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7 በ2014፣ ዴቢያን 8ና ኡቡንቱ ደግሞ በ2015 ወደዚሁ ዞሩ። ከዚያ በፊት የተጻፈ መጽሐፍ አገልግሎትን ስለማስነሣትና ስለማቆም የሚናገረው አብዛኛው ዛሬ አይሠራም፤ ቢሠራም በሥራ ቦታ የሚጠየቀው እርሱ አይደለም። እንዲሁም የኔትወርክ አድራሻ ለማየት አይኤፍ-ኮንፊግ የሚለውን ትዕዛዝ ብቻ የሚያስተምር መጽሐፍ፣ ቦታውን አይፒ የሚለው ትዕዛዝ እንደወሰደበት አልሰማም ማለት ነው። በዚህ ላይ ሴንት-ኦኤስ አለ። ለብዙ ዓመታት የመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ «በነፃ አውርዳችሁ ተለማመዱበት» የሚሉት እርሱን ነበር። ሴንት-ኦኤስ 8 እስከ 2029 ይቆያል ተብሎ ሲጠበቅ በ2021 መጨረሻ ተቋረጠ፤ ሴንት-ኦኤስ 7ም ጁን 30 ቀን 2024 ላይ አበቃ። ቦታውን ሮኪ ሊኑክስና አልማ ሊኑክስ ተክተውታል። መጽሐፉ ሴንት-ኦኤስን ጫኑ ካለ ከሁለቱ አንዱን ይጫኑ።

ሦስተኛው መሠረቱ ነው። ፋይልና ፎልደር እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እንዴት እንደተዘረጋ፣ ማን ማንበብ ማን መጻፍ እንደሚፈቀድለት፣ አንድ ትዕዛዝ ያወጣውን ለሌላ ትዕዛዝ በቧንቧ እንዴት እንደምናቀብል፣ ትዕዛዞችን ደርድረን ትንሽ ፕሮግራም እንዴት እንደምንሠራ የሚያስተምረው ክፍል ነው። ቧንቧው ዩኒክስ ውስጥ የገባው በ1973 ነው፤ ዛሬም አሠራሩ ያው ነው። ብራያን ከርኒሃንና ሮብ ፓይክ በ1984 ያሳተሙት «ዘ ዩኒክስ ፕሮግራሚንግ ኢንቫይሮንመንት» የተባለ መጽሐፍ አለ። ዕድሜው ከብዙዎቻችን ጋር ይስተካከላል፤ ነገር ግን ስለ ቧንቧና ስለ ሼል የሚያስረዳው እስከ ዛሬ ይጠቅማል።

እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው። መሠረቱን ለመማር መጽሐፉ ቢያረጅ አይጎዳም። አስተዳደሩን ለመማር ከ2016 በፊት የተጻፈውን ይተዉት፤ ከዚያ ወዲህ ካለው የመጨረሻውን እትም ይፈልጉ። ስለ ስክሪኑ ግን ጨርሶ መጽሐፍ አይግዙ፤ እርሱን ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሳምንት ሲቀመጡ ይለምዱታል።

መጀመሪያ ራስዎን ይጠይቁ

መጽሐፍ መደብር ከመሄድዎ በፊት «ይህን የምማረው ለምንድን ነው?» ብለው ይመልሱ። እኔ ያየኋቸው ተማሪዎች ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ለቤቱ የሚፈልገው ነው። ኢንተርኔት ያያል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ የልጆቹን ፎቶ ያስቀምጣል። ለዚህ ሰው ወፍራም መጽሐፍ አያስፈልገውም። ስለ መሠረቱ የሚያስተምር አንድ ቀጭን መጽሐፍና ዲስትሪቢዩሽኑ ራሱ በነፃ የሚያቀርበው መመሪያ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ሥራ የሚፈልገው፣ ሰርቨር ማስተዳደርን የሚማረው ነው። ለእርሱ መሠረቱም አስተዳደሩም ያስፈልገዋል፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ብዙ ሰው መሠረቱን ዘሎ የፈተና መጽሐፍ ይገዛና በሦስተኛው ምዕራፍ ይደክመዋል። ሳያቦኩ መጋገር ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ፕሮግራም መጻፍ የሚፈልገው ነው። ይህ ሰው ከመሠረቱ በኋላ ሲስተሙ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳዩትን መጻሕፍት ይፈልጋል።

መጽሐፉን በአሥር ደቂቃ መመርመር

መጽሐፉ እጅዎ ላይ ካለ፣ ወይም ጥቂት ገጾቹን በኢንተርኔት ማየት ከተቻለ፣ የሚከተሉትን ይመልከቱ።

1. የሕትመት ዓመቱ። ሽፋኑን አይመኑ፤ የባለመብትነት መግለጫው ካለበት ገጽ ላይ ዓመቱንና ስንተኛ እትም እንደሆነ ያንብቡ። ያገለገለ መጽሐፍ ሲሆን ይህን ማየት ግዴታ ነው።

2. መቅድሙ። ጥሩ ደራሲ «ይህ መጽሐፍ ለእነ እገሌ ነው፤ ለእነ እገሌ አይደለም» ይላል። ለሁሉም ነኝ የሚል መጽሐፍ ይጠርጠር።

3. የትኛው ዲስትሪቢዩሽን ላይ እንደተመሠረተ። እርስዎ የሚጭኑት ኡቡንቱ ከሆነና መጽሐፉ የሬድ ሃት ከሆነ፣ በተለይ ሶፍትዌር ስለመጫን የሚናገረው ምዕራፍ አይገጥምም።

4. መጨረሻው ላይ ያለው የቃላት ማውጫ። ሲስተም-ሲቲኤል፣ ጆርናል-ሲቲኤል፣ አይፒ፣ ሱዱ፣ ኤስኤስኤች የሚሉትን ይፈልጉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሌሉ የአስተዳደር ክፍሉ አርጅቷል። ከሁሉም ምርመራ ፈጣኑ ይህ ነው።

5. መልመጃ መኖሩ። ምዕራፉ ሲያልቅ ራስዎ የሚሠሩት ነገር ከሌለ፣ ያነበቡት በሳምንቱ ይጠፋል።

6. ስሕተትን ማስተማሩ። አንድ ምዕራፍ መሐል ላይ ይክፈቱ። ደራሲው ትዕዛዙን ብቻ ነግሮ ያልፋል ወይስ «ይህ መልእክት ከመጣ ምክንያቱ ይህ ነው» ይላል? ተማሪ የሚጣበቀው ነገሩ እንቢ ሲል ነውና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

7. እንግሊዝኛው። አንድ ሙሉ ገጽ ያለ መዝገበ ቃላት ያንብቡ። ሐሳቡ ከገባዎ ይግዙት፤ ካልገባዎ፣ ስሙ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ ለጊዜው ይለፉት።

ከጀርባው ሲዲ የተለጠፈበት መጽሐፍ ካገኙም የዘመኑ አለመሆኑን ሲዲው ራሱ ይመሰክራል።

የማውቃቸው መጻሕፍት

የሚከተሉት ራሴ የተጠቀምኩባቸው ናቸው። ሌሎች ጥሩ መጻሕፍት የሉም ማለቴ አይደለም።

«ዘ ሊኑክስ ኮማንድ ላይን» — በዊልያም ሾትስ። በመጽሐፍነት የታተመው በ2012፣ ሁለተኛው እትም በ2019 ነው። ደራሲው ቅጂውን በኢንተርኔት በነፃ እንዲወርድ ፈቅዷል። አራት ክፍሎች አሉት፤ ከሼል ጋር ከመተዋወቅ ተነሥቶ የሼል ፕሮግራም እስከ መጻፍ ይደርሳል። ስለ መሠረቱ ስለሚያስተምር ቶሎ አያረጅም። እንግሊዝኛው ቀላል ነው። አንድ መጽሐፍ ብቻ ንገረኝ ለሚለኝ ሰው የምነግረው ይህንን ነው።

«ሀው ሊኑክስ ወርክስ» — በብራያን ዋርድ። ሦስተኛው እትም የ2021 ነው። ኮምፒውተሩ ከበራበት ጊዜ ጀምሮ ውስጡ ምን እንደሚካሄድ ያስረዳል፤ ዲስኩ እንዴት እንደሚከፈል፣ ሲስተም-ዲ ምን እንደሚሠራ፣ ኔትወርኩ እንዴት እንደሚያያዝ። የሾትስን መጽሐፍ ለጨረሰ ሰው ሁለተኛው እርምጃ ነው። የመጀመሪያው እትም የ2004 ስለሆነ ያገለገለ ሲገዙ እንዳይሳሳቱ።

«ዩኒክስ ኤንድ ሊኑክስ ሲስተም አድሚኒስትሬሽን ሃንድቡክ» — በኤቪ ኔሜትና ባልደረቦቿ። የመጀመሪያው እትም በ1989፣ አምስተኛው በ2017 ወጣ። ከ1200 ገጽ በላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚነበብ ሳይሆን ሥራ ላይ ችግር ሲያጋጥም የሚከፈት መጽሐፍ ነው። ፕሮፌሰር ኔሜት በ2013 ከኒውዚላንድ ወደ አውስትራሊያ በጀልባ ስትጓዝ ከነመንገደኞቹ ባሕር ላይ ጠፍታ ቀርታለች፤ መጽሐፉን ባልደረቦቿ ቀጥለውታል። ሥራ ከያዙ በኋላ የሚገዛ ነው፤ ለጀማሪ ስጦታ ብለው አይስጡት፤ ያስደነግጠዋል።

«ዘ ዴቢያን አድሚኒስትሬተርስ ሃንድቡክ» — በራፋኤል ኸርትዞግና በሮላን ማስ። መጀመሪያ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ሲሆን ከ2012 ጀምሮ በእንግሊዝኛ በነፃ ይገኛል። ኡቡንቱ ከዴቢያን የተወለደ ስለሆነ ለኡቡንቱ ተጠቃሚም ብዙው ይሠራል። ከማውረድዎ በፊት ለየትኛው የዴቢያን እትም እንደተዘጋጀ ይመልከቱ።

«ዘ ሊኑክስ ፕሮግራሚንግ ኢንተርፌስ» — በማይክል ከሪስክ፣ በ2010 የታተመ። ከ1500 ገጽ በላይ ነው። ሲ በሚባለው ቋንቋ ፕሮግራም ለሚጽፉ እንጂ ለሌላ አይሆንም። ለእነርሱ ግን የሚተካው የለም።

የፈተና መጻሕፍት ጉዳይ

ወዳጄን የጎዳው ይህ ስለሆነ ለብቻው ላንሣው። የሊኑክስ ሙያ ማረጋገጫ ከሚሰጡት ውስጥ ታዋቂዎቹ ኮምፕቲያ፣ በ1999 የተመሠረተው የሊኑክስ ፕሮፌሽናል ኢንስቲትዩትና ሬድ ሃት ናቸው። እያንዳንዱ ፈተና የራሱ ቁጥር አለው። በየጥቂት ዓመቱ ፈተናው ሲታደስ ቁጥሩም ይለወጣል፤ አሮጌውም ይዘጋል። ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ መጽሐፍ አይፈልጉ። መጀመሪያ ፈተናውን የሚሰጠው ድርጅት ገጽ ላይ ገብተው አሁን የሚሰጠውን ቁጥርና በነፃ የሚያወጣውን የአርእስት ዝርዝር ያግኙ። የሚዘጋበት ቀን ተነግሮ ከሆነም ይጻፉት፤ እስከዚያ ቀን አንብበው መጨረስ የማይችሉ ከሆነ ቀጣዩን ይጠብቁ። ከዚያ ቁጥሩ ከዝርዝሩ ጋር አንድ የሆነውን መጽሐፍ ብቻ ይግዙ።

የሬድ ሃት ፈተና የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የምርጫ ጥያቄ ሳይሆን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው «ይህንን ሥራ» የሚሉበት ነው። እርሱን በንባብ ብቻ ማለፍ አይቻልም። ዋና የሚለመደው ውኃ ውስጥ ተገብቶ ነውና፣ የቱንም ፈተና ቢመርጡ እጅዎን ያሠልጥኑ።

ሳይከፍሉ ስለማግኘት

አሜሪካና አውሮፓ ያሉ አንባቢያን የሰፈራቸውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አይርሱ። መጽሐፉ ባይኖራቸው ከሌላ ቤተ መጻሕፍት አስመጡልኝ ማለት ይቻላል፤ አንዳንዶቹም በአባልነት ካርድ ብቻ የቴክኒክ መጻሕፍትን ቤት ሆኖ በኮምፒውተር ለማንበብ ይፈቅዳሉ። ሳይገዙ ሁለት ሳምንት ማንበብ ከምርመራዎች ሁሉ የተሻለው ምርመራ ነው።

በዐረብ አገሮች ላሉ እኅቶችና ወንድሞች ነገሩ ይከብዳል። ቤተ መጻሕፍት መሄጃ ጊዜም ፈቃድም የሌላት ብዙ ናት፤ ኮምፒውተርም ላይኖራት ይችላል። ነገር ግን ከላይ የጠቀስኳቸው የሾትስና የዴቢያን መጻሕፍት በነፃ ወርደው ስልክ ላይ ይነበባሉ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ተርመክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይጫናል፤ ሙሉ ሰርቨር ባይሆንም የሾትስን መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል ትዕዛዞች አብዛኞቹን ያለማምዳል። በስልክ መጀመር ያደክማል እንጂ አይከለክልም።

መጽሐፉና ኮምፒውተሩ ሳይስማሙ

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለትምህርት ውጭ አገር እንደመጣሁ አንድ የሊኑክስ መጽሐፍ ያገለገለ ገዛሁ። ዶርም ውስጥ ማታ ተቀምጬ፣ መጽሐፉን በግራ እጄ ይዤ መጫን ጀመርኩ። ዲስኩን ስለመክፈል ከሚናገረው ምዕራፍ ስደርስ መጽሐፉ የሚያሳየው ስክሪንና ፊቴ ያለው አልተመሳሰሉም፤ እትሙ የተለየ ነበር። «ይኸኛው መሆን አለበት» ብዬ ተጫንኩት። ያ ቁልፍ ዲስኩን በሙሉ ደመሰሰው። የሴሚስተሩ ሥራዬ ግማሹ እዚያ ላይ ነበር፤ ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። ፕሮፌሰሩ ሁለት ሳምንት ባይጨምሩልኝ ኖሮ ያ ትምህርት ይወድቅብኝ ነበር። የተሳሳተ እትም የሚያስከፍለው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ሊኑክስን የቤተሰቡ ሁሉ ነገር ያለበት ኮምፒውተር ላይ አይማሩ። ከአገልግሎት የወጣ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ከሌለም ቨርቹዋል ቦክስን በመሰለ ነፃ ሶፍትዌር ዊንዶውስ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ያለ ይመስል ሊኑክስን መጫን ይቻላል። የግድ አንዱን ኮምፒውተር ማጥፋት ካለብዎ ሁሉን ነገር በቅድሚያ ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። በተለይ እኛን የሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፊደላችን በዩኒኮድ የተመዘገበው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ በአማርኛ የተጻፉ ሰነዶች በየድርጅቱ ልዩ የፊደል ቅርጽ የተቀመጡ ናቸው። የዕድር መዝገብ፣ የአባት ደብዳቤ፣ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ እንዲህ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ሰነዱን ብቻ ገልብጠው የፊደል ፋይሉን ከጣሉት አዲሱ ኮምፒውተር ላይ የሚታየው የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነው። ሁለቱንም አብረው ያስቀምጡ።

ስለ አነባበቡ

መጽሐፉን ሲያነቡ ትዕዛዙን ገልብጠው አይለጥፉ፤ በጣትዎ ይጻፉት። ሲሳሳቱ የሚመጣውን መልእክት ያንብቡ። እያንዳንዱን አዲስ ትዕዛዝ ደብተር ላይ በአማርኛ ትርጉም ያስፍሩ። የቴክኒክ እንግሊዝኛ እንደ ልብ ወለድ አይደለም፤ ቃላቱ ይደጋገማሉ፤ ሁለት ምዕራፍ ከተሻገሩ በኋላ መዝገበ ቃላት መክፈትዎ ይቀንሳል።

ሊኑክስ ውስጥ ራሱ የተቀመጠ መጽሐፍም አለ። መጥሪያው ማን የሚለው ትዕዛዝ ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ማን ነህ?» ብሎ እንደመጠየቅ ይሆናል። ማን ብለው ከጎኑ የማያውቁትን ትዕዛዝ ስም ቢጽፉ ስለ እርሱ የተጻፈው መመሪያ ይመጣል። የዚህ መመሪያ የመጀመሪያ እትም በቤል ላብስ የወጣው በ1971 ነው። ከተጫነው ሶፍትዌር ጋር አብሮ ስለሚታደስ፣ የታተመው መጽሐፍና ኮምፒውተሩ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚዳኘው እርሱ ነው። ጥሩ የመማሪያ መጽሐፍ ይህን መመሪያ ማንበብ የሚያስተምር ነው።

«ዛሬ ቪዲዮው አለ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱም የጠየቁትን ይመልሳል፤ መጽሐፍ ለምን?» የሚሉኝ አሉ። እኔም ሁለቱንም እጠቀማለሁ። ነገር ግን ጀማሪ ምን መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም፤ መጽሐፍ የሚሰጠው ቅደም ተከተሉን ነው። ከዚህም በላይ አርኤም የምትባለው ፋይል የምታጠፋ አጭር ትዕዛዝ አለች፤ ከተወሰኑ ምልክቶች ጋር ስትጻፍ ያለ ምንም ጥያቄ ሁሉን ትጠርጋለች፤ ሊኑክስም በዚህ መንገድ የጠፋውን ከቅርጫት አያወጣም። ከየትም ያገኙትን ትዕዛዝ፣ ምን እንደሚሠራ ሳያውቁ፣ አይጫኑ።

በመጨረሻ ወዳጄ የት እንደደረሰ ልንገራችሁ። ሁለት ወር ያህል ተቆጥቶ ተወው። ከዚያ ስምንት ወር ያነበበውን በሦስቱ ድርብ ከፋፍለን ስናየው የጠፋበት እንዳሰበው ሁሉ አልነበረም፤ ስለ ፋይል፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ቧንቧ፣ ስለ ሼል የተማረው አንዱም አልባከነም። ሊያድሰው የሚገባው የአስተዳደሩን ክፍል ነበር። የዋርድን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት አወጣን፤ የአዲሱን ፈተና ዝርዝርም አትመን በእያንዳንዱ አርእስት ላይ የሚያውቀውን በእርሳስ ምልክት አደረገበት። አሁንም ጋራዡ ውስጥ ነው፤ ፈተናው ግን ተመዝግቦ ቀኑ ተቆርጧል። መጽሐፍ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ዓመቱን፣ እትሙንና ቁጥሩን እዩ።

ቸር ይግጠመን።